አሥራ አራት ደቂቃ

ሐሚድ ለፈሪሃ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ሰላምታ አልነበረም።

« የኮምፒዩተርሽ ራሙ ስንት ነው? »

ፈሪሃ ቀና ብላ አየችው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሸሚዙን ጀርባው ላይ አጣብቆታል፤ በእጁ ፍላሽ ይዟል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈተች ዓመት ሊሞላት ነው፤ እንዲህ ብሎ የገባ ደንበኛ ግን ገጥሟት አያውቅም።

« ሰው መጀመሪያ ሰላም ይላል » አለችው።

« አሰላሙ ዐለይኩም... ራሙ ስንት ነው? »

ሳቀች። እሱም አፍሮ ሳቀ። ሚያዝያ 2006 ነበር።

ሐሚድ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፤ በወረዳው የመስኖ ባለሙያ። ሽንኩርት አምራቾቹ የሮቢ ወንዝን ውሃ የሚያጠጡት በተራ ነው፤ ተራው በተምታታ ቁጥር ጠብ ይነሳል። እሱም ለእያንዳንዱ ገበሬ የውሃ ተራውን የሚያሳውቅ የስልክ ፕሮግራም እየሠራ ነበር። የሚሞክርበት ዘመናዊ ስልክ ግን አልነበረውም። ያለው አማራጭ ኮምፒዩተር ውስጥ ስልክ መፍጠር ነው፤ ኢሙሌተር ይሉታል። የቢሮው ኮምፒዩተር አልቻለውም። የፈሪሃ ቻለው።

ቻለው ሲባል... ለመነሳት አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት አንዲት ቃል ብልጭ ድርግም ስትል ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

« ዛሬም አልተነሳም? » ይላሉ በሯ ላይ ሎሚ የሚሸጡት እትዬ የሺ። « ላሜ እንኳ እንዲህ አታምጥም! ሲነሳ ደብረ ሲና ላለው ልጄ ደውሉልኝ። »

« አይደውልም፣ እትዬ » ይላል ሐሚድ። « ስልክ የሚመስል እንጂ ስልክ አይደለም። »

« ታዲያ እናንተን እዚህ ምን ጎለታችሁ? »

ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ ይመልሳሉ።

በእነዚያ ደቂቃዎች ፈሪሃ ብዙ አወቀች። አባቱን በልጅነቱ እንዳጣ፣ ሲያፍር የግራ ጆሮውን እንደሚነካ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ነገር ከሀ ሲጀመር ፈጽሞ እንደማይናደድ። ይሄ የመጨረሻው ይገርማት ነበር።

ሰኔ ላይ ሐሚድ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት በሩ ላይ ቆም አለ።

« ሐሙስ የምነግርሽ ነገር አለ። »

« አሁን ንገረኛ! »

« ሐሙስ... »

ጆሮውን እየነካ ሄደ።

ፈሪሃ ያንን ቃል ሁለት ወር ጠብቃዋለች። የፈራችው ጊዜውን ነበር። ወሬያቸውን ሥራው መሃል ላይ ይቆርጠዋል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ዘግታ ቤት መግባት አለባት። ረቡዕ ለቀድሞ የክፍል ጓደኛዋ ደወለች። እሱ እንደነገራት ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሳ ወደሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ገባች። እዚያ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚያፈጥን፣ ተዘግቶ የቆየ አንድ መስመር ነበር፤ ከፈተችው። ስልኩ በአርባ ሴኮንድ ተነሳ። እልል ማለት ቃጣት።

ሐሙስ ሐሚድ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ተቀመጠ፤ ስልኩን እንዲነሳ አዘዘና ወደ እሷ ዞረ።

« ፈሪሃ... »

ስልኩ ተነሳ።

« ማነው ያስተካከለው? »

« እኔ! ከእንግዲህ መጉላላት የለም፤ ቶሎ ጨርሰህ ትሄዳለህ! »

እንዲያ ነበር ያለችው። ቃሏ ከአፏ ሲወጣ ፊቱ እንደተለወጠ አይታለች፤ ግን ምክንያቱ አልገባትም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ፍላሹን ነቀለ።

« የምትነግረኝ ነገር ነበር... »

« ስለ ሥራው ነበር። አለቀ። አላህ ይስጥልኝ። »

አንድ ጊዜ « ቆይ » ብትለው ይበቃ ነበር። ኮራች፤ አላለችም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ቀትር ላይ ሐሚድ አንዲት ወረቀት ይዞ ገባ። ውጭ ባጃጅ ውስጥ ሕፃን ያቀፈች ሴት ትጠብቀዋለች።

« ኮፒ ነው። የልጄ የልደት ካርድ። »

ፈሪሃ ወረቀቱን ተቀበለች። እሱ ኮምፒዩተሩን አየ።

« ያ ስልክ አሁንም አለ? »

« አለ። በአርባ ሴኮንድ ይነሳል። »

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። « ያንን መስመር እኔም አውቀው ነበር። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። »

« ታዲያ ለምን አልከፈትከውም? »

« ወላሂ፣ ብከፍተው አሥራ አራት ደቂቃዬን ማን ይሰጠኛል? »

ማሽኑ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ተፋው። ፈሪሃ አነሳችው፤ አልሰጠችውም።

« እኔ የከፈትኩት... ሥራህን ቶሎ ጨርሰህ ለእኛ ጊዜ እንዲተርፈን ብዬ ነበር። »

ሐሚድ ጆሮውን ነካ። ባጃጁ ጡሩምባ ነፋ።

« ሂድ » አለችው ወረቀቱን እያቀበለችው። « ልጁን ሙቀት አገኘው። »

ባጃጁ ከዓይኗ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አስነሳች። ሰማያዊው ገጽ ላይ ያንን መስመር መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ስልኩን አስነሳችና ጥቁሩን መስኮት እያየች ተቀመጠች።

« የኔ እህት፣ ተበላሸብሽ እንዴ? » አለ ኮፒ ፈልጎ የገባ ሰው፤ ከጎኗ ያለውን ወንበር እየሳበ።

« አይ፣ ደህና ነው » አለች። እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። « ይቅርታ... እዚህ ሰው አለ። »