አርባ አንድ ፊርማ

«ሁለት ደቂቃ ቀርቶሻል» አለች ክሪስማ፣ ከጓደኛዋ ከሬያሊን ጎን ተቀምጣ በስክሪኑ ጥግ ወደ ታች የሚቆጥረውን ሰዓት እያየች። «ሳንቲም ጨምሪ። አለበለዚያ ዓይንሽ እያየ ድርግም ይላል።»

ሬያሊን የቀረቻትን ሳንቲም፣ በሳንቲም ለሚሠራው የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር አጎረሰችው። ነገ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ከንቲባው ፊት ቆማ ንግግር ታነባለች። ባሕሩን በአፈር ሞልቶ መሬት የማድረጉን ሐሳብ የሚደግፍ ንግግር ነው። ወረቀቱን የሰጣት አባቷ ኖልፎ ነው፤ በሰፈሩ የከንቲባው ቀኝ እጅ እሱ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራውም በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት ነው። ጽሑፉን እንደ ውዳሴ ሸምድዳዋለች። የቀራት ነገር ቢኖር ቲቸሯ «ምንጭ ጨምሪበት» ያለቻት ብቻ ነው።

«የባሕሩ ሙሌት ጥቅም» ብላ ፈለገች። የመጣላት ሁሉ ጥቅም በጥቅም ሆነ።

«አንቺ ደግሞ!» ሳቀች ክሪስማ። «ጥቅሙን ብቻ ጠይቀሽው ታዲያ ምን ያምጣልሽ? ‹ጥቅም› የምትለዋን አውጪያትና ሞክሪ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ሞክሪዋ ባክሽ!»

ቃሏን አጥፍታ ደግማ ፈለገች። ከላይ የማዘጋጃ ቤቱ መግለጫ መጣ። ከሥሩ የአንዲት ነርስ ጽሑፍ አለ። አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ክሊኒኩ ውሃ ስለሚገባበት ከፍ ያለ መሬት ያስፈልገናል፣ ሙሌቱን የምደግፈው ለዚህ ነው ትላለች። ቀጥሎ፣ የባሕር ዳሩ ዛፎች ከተቆረጡ ዓሣው የት ይራባል ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ነበር። ከዚያ ደግሞ አርባ አንድ ፊርማ ያለበት የዓሣ አጥማጆች አቤቱታ።

ሬያሊን ደነገጠች። ወረቀቷ ላይ «ከዓሣ አጥማጆቻችን አንድም የተቃወመ የለም» የሚል መስመር አለ። አቤቱታውን ከፈተችው። መጀመሪያ የፈረመው የክርስትና አባቷ ቴምዮ ነው።

ውጭ ሞተር ሳይክል ቆመ። አባቷ የከንቲባው ደጋፊዎች የሚለብሱትን ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሶ፣ የእሷንም አጣጥፎ ይዞ ገባ።

«የኔ ተናጋሪ! ይኸው ልብስሽ። እስቲ አንዴ አንብቢልኝ።»

«አባዬ፣ መጀመሪያ ይህን እየው።»

ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ይቺንማ ስልኬ ላይ አይቻታለሁ። የተቃዋሚ ወሬ ነው ብዬ አለፍኳት።»

«ከፍተህ አላነበብካትም?»

«በምን ልክፈታት? በነፃው ኢንተርኔት ርዕሱ ብቻ ነው የሚታየው። ልክፈት ስትይ ካርድ ሙላ ይልሻል።» ጣቱ የመጀመሪያው ፈራሚ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። «ቴምዮ? አበልጄ? እሁድ እሁድ አንድ ገበታ ላይ እየበላን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለኝም!»

«ይህን ቲሸርት ለብሰህ እየሄድክ ምን ይበልህ?»

ክሪስማ የማታውቅ መስላ የራሷን ስክሪን ማየት ጀመረች። የኖልፎ ፊት ተለዋወጠ። ወንበር ስቦ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ጽሑፉን ማዘጋጃ ቤት አንብበው አጽድቀውታል። አንዲት መስመር ብትነኪ ያውቃሉ። ኮንትራቴ ደግሞ የሚታደሰው በሚመጣው ወር ነው።»

ሬያሊን ፈራች። ታናናሾቿ ትዝ አሏት። አባቷ ክፉ ሰው እንዳልሆነም ታውቃለች፤ ይህ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አከበደባት።

«የክሊኒኩን አነባለሁ» አለች። «እውነት ነው፣ እኔም እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ያቺን መስመር ግን አላነባትም፣ አባዬ። ነገ ቴምዮም ይመጣል። ዓይኑን እያየሁ እንዴት እላታለሁ?»

ደቂቃው አልቆ ስክሪኑ ጠፋ። አባቷ ተነስቶ ወጣ፤ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ፣ ግን አላስነሳውም።

ሬያሊን ከክሪስማ እስክሪብቶ ተበደረች። መስመሯን ሰርዛ ከላይዋ «ከዓሣ አጥማጆቻችን አርባ አንዱ ተቃውመዋል፤ ምክንያታቸው ይሰማ» ብላ ጻፈች። በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለነበር ፊደሉ ደቀቀ። ወጥታ ወረቀቱን ሰጠችው።

አባቷ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣ መኪና በድምፅ ማጉያ የከንቲባውን ስም እየጠራ አጠገባቸው አለፈ፤ ሹፌሩ እጁን ሲያውለበልብለት ኖልፎ አላየውም።

«ፊደሉን አተልቂው» አላት በመጨረሻ፣ ወረቀቱን እየመለሰላት። «መድረኩ ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነው የምትመታሽ። እንዲህ ከሆነ አይነበብሽም።»