ያልተጨመቀው ቅጂ

«ትንሽ ነው» አለች ኮሊን።

የስለላ አለቃዋ አሊስተር ዲስኩን የከርሊንግ ጫማዋ ከረጢት ውስጥ ጣል አድርጎ ፊቱን ወደ በረዶው መለሰ። በወደብ ከተማዋ ሃሊፋክስ ቅዳሜ ጠዋት ድንጋይ በበረዶ ላይ የሚያንሸራትትን ሰው ማንም አይጠረጥርም።

«ጨምቀሽ አስገቢው።»

«የሦስት ዓመት ምስል እኮ ነው! ለምን ትልቅ አላመጣህም?»

«በድርጅቱ ዘበኛ መዝገብ ማስገባት የቻልኩት ይህንኑ ነው። ጨምቂና ውጪ። ከፍቼ ልየው ብለሽ ጊዜ እንዳታባክኚ። ከሰዓት ጨዋታው ላይ እንገናኝ።»

በስለላው ቤት ስሟ «ጨው» ነው። በመርከብ ድርጅቱ ግን ኮሊን ናት፤ የኮምፒውተሮቹን መጠባበቂያ ቅጂ የምትጠብቅ ዝምተኛ ሠራተኛ። ድርጅቱ በድብቅ የጦር መሣሪያ ሲጭን የገዛ ካሜራዎቹ ቀርጸውታል። ባልደረባዋ ሬሚ ያንን ማስረጃ ሊያወጣ ሞክሮ፣ ባለፈው ክረምት ሬሳው ከወደቡ ውኃ ተጎተተ። ዛሬ ማታ አሮጌው ቅጂ ይደመሰሳል። ዛሬ ካልወጣ ሬሚ በከንቱ ሞተ ማለት ነው።

ቢሮዋ ገብታ ምስሉን ጨመቀችው። ዲስኩ ላይ ገባ። ልትነሣ ስትል ሬሚ ጆሮዋ ሥር ያለ መሰላት። «ከፍተሽ ያላየሽውን ቅጂ አለኝ አትበይ» ይል ነበር።

ከፈተችው።

ምስሉ መሐል ላይ ቆመ።

አጥፍታ እንደገና ጨመቀች። አሁንም እዚያው ላይ ቆመ። ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ ታስቦበት ተበላሽቷል። ሳይጨመቅ ቢሆን ጥቂት ምስል ጎድሎ የቀረው ይታይ ነበር። የተጨመቀ ግን እንደ ሹራብ ነው፤ አንዱ ክር ከተበጠሰ የቀረው ይተረተራል። አሊስተር ይህንን አሳምሮ ያውቃል። ትንሹን ዲስክ የመረጠው ለዚህ ነው። ሬሚንም ያን ዕለት ወደ ወደቡ የላከው እሱ ነበር።

ዲስኩን ነቅላ አወጣችው።

ዘበኛው የሚያሳልፈው ሌላ ዲስክ አንድ ብቻ ነው፤ የራሷ። ዘፈን ነው ብላ ያስመዘገበችው። ውስጡ ግን ያለው ሬሚ ነው፤ የድምፅ መልእክቶቹ፣ ሳቁ፣ ድስት ሲያሳርር፣ ሲያላግጥባት። ማስረጃውን ብትጨምቀው ሁለቱም ይገባሉ። ሳትጨምቀው ግን ዲስኩን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። ዲስኩ ደግሞ አርጅቷል፤ ሲዞር ይንቋቋል። ጨምቃው አንድ ቦታ ቢስት ሁሉም ይተረተራል።

የመጨረሻውን መልእክት ከፈተች። በእውነተኛ ስሟ ጠራት። በዚያ ስም የሚጠራት ሌላ ሰው አልነበራትም። «አንቺ ዝንጉ፣ ዳቦ እንዳትረሺ!»

አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም ደመሰሰችና ማስረጃውን ሳትጨምቅ ጫነችበት።

በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ዴዝሞንድ ሁለቱን ዲስኮች አገላብጦ ሳቀ። «ዘፋኝሽን ዛሬም ተሸክመሽዋል?»

«ዛሬ ዝም ብሏል።»

በጨዋታው ቤት ልብስ መቀየሪያ ከቢሮ ስትወጣ የደወለችላት የፖሊስ መርማሪ ጆዋን ጠብቃ አሮጌውን ዲስክ ተቀበለቻት። «ይከፈታል?»

«ፊቱም መሐሉም ጫፉም። አንዳንድ ቦታ ጭረት አለው።»

«ጭረቱን እንችለዋለን።»

ኮሊን አሊስተርን አሸነፈችው። እንደ ጨዋታው ደንብ ያሸነፈ ይጋብዛልና ቢራ አዘዘችለት። ትንሹን ዲስክ በጠረጴዛው ሥር አቀበለችው። ደህና ወጣሽ ወይ አላላትም።

«ከፈትሽው?»

«አልከፈትኩም።»

ትከሻው ረገብ አለ። ያን ጊዜ ክህደቱን አረጋገጠች። የጆዋን ሰዎች ከኋላው ቆሙ።

ኮሊን አየችው።

«ከፍተሽዋል» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ጨርሰህ ጠጣ። ግብዣ ነው።»

አሁን በዊኒፔግ ከተማ በሌላ ስም የትምህርት ቤቶችን ቅጂ ትጠብቃለች። አለቃዋ አንድ ቀን ከበሯ ብቅ አለ። «ቦታ ጠበበን እኮ፣ እነዚህን ቅጂዎች ብንጨምቃቸውስ?»

«ዲስክ ግዙ።»

«ምነው፣ ምን አስቆጣሽ?»

«ዲስክ ርካሽ ነው» አለችና ኮቷን አነሣች።

በመንገድ ላይ ዳቦ ገዛች። መኪናዋ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የሬሚን ድምፅ ጠበቀች። ቃሉ መጣላት፤ ዝንጉ ማለቱ፣ ዳቦው። ድምፁ ግን አልመጣም። እውነተኛ ስሟን ራሷ ጮክ ብላ ጠራችው። የሰማችው የራሷን ድምፅ ነበር።