የአራት ቀን ዜሮ

የአሞኒያ መለኪያው ጠብታዎች ከገቡበት በኋላ ውሃው ቢጫ እንደሆነ መቅረት ነበረበት። ጭምት የትንሿን ቱቦ ክዳን ገጥማ እየነቀነቀች ወደ መስኮቱ ተጠጋችና አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ቢጫው መጀመሪያ ወደ አረንጓዴ አደላ። ቀጥሎ ጠቆር አለ። በመጨረሻ ከቀለም ካርዱ የታችኛው መደብ ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ቱቦው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆናል ብላ አጥባ እንደገና ለካች። ያው ነው።

በባዮሎጂ ክፍሉ ጥግ፣ በመስታወት ገንዳው ውስጥ፣ ከትናንት በስቲያ የገቡት ብርቱካናማ ዓሦች ከውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አየር ይጎርሳሉ። ስድስት ናቸው ተብሎ ነበር የተነገራት። አምስቱን ቆጠረች። ስድስተኛው ከድንጋዩ ሥር በጎኑ ተኝቷል።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። ላለፉት አራት የትምህርት ቀናት፣ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ ይላል። ዜሮዎቹ በመሃላቸው ሰያፍ መስመር አላቸው። ላቦራቶሪ የምትሠራው ታላቅ እህቷ እንደዚያ ስለምትጽፍ ጭምትም ከእሷ የወረሰችው ነው። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ፊርማ አለ፤ ጭራው ወደ ላይ የሚጠመዘዝ፣ የራሷ የጭምት ፊርማ።

እሷ ግን እነዚያን አራት ቀናት ቶንሲሏ አብጦ፣ አንገቷ በሻርፕ ተጠቅልሎ፣ አልጋ ላይ ነበረች።

ስሟን ያወጣላት ክፍሉ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ስትስቅ ጥርሷ እንጂ ፊቷ ስለማይታይ ሳቂታ ተባለች፤ እሷ ደግሞ አጠገቧ ስትታይ ጊዜ ጭምት። አንዷ ሳትኖር ሌላዋን ያየ ሰው «ግማሽሽ የት ሄደ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። መምህሩ ገንዳውን ሲያስገቡ ኃላፊነቱን ለሁለቱ የሰጡትም አንዷን ብቻ መምረጥ ስላልቻሉ ይመስላል።

ያን ቀን መምህሩ እንዲህ ብለው ነበር፤ «ውሃ ሞልቶ ወዲያው ዓሣ መጨመር፣ ቤት ሳይሠሩ ሙሽራ ማምጣት ነው።» ሞተሩ ውሃውን እየሳበ በስፖንጁ ውስጥ ያሳልፈዋል። ስፖንጁ ቆሻሻ ይይዛል፤ ዋናው ሥራው ግን እሱ አይደለም። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እዚያ ውስጥ ቤት ይሠራሉ። አንዱ ዓይነት፣ ከዓሣ ኩስና ከተራረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። እሱም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ናይትራይቱን ያን ያህል ወደማይጎዳ ነገር ይቀይረዋል። ሁለቱም እስኪበዙ ድረስ አምስት ስድስት ሳምንት ዓሣ የለም። በየቀኑ ለባክቴሪያዎቹ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል ማድረግ፣ መለካት፣ መጻፍ፤ ሥራው ይኸው ነው።

ትዕግሥት ለጭምት አልከበዳትም። ለሳቂታ ግን በሦስተኛው ሳምንት የሞት ያህል ሆነባት። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ወንዶች በእረፍት ሰዓት በመስኮቱ አንገታቸውን ያስገባሉ፤ «የውሃ ዘበኞች፣ እንዴት ነው? ውሃው አላመለጠም?» ይላሉ። ጭምት አትሰማቸውም። ሳቂታ ከእነሱ ጋር ትስቅና፣ ሲሄዱ ግን ፊቷ ይጨልማል።

ጭምት የታመመች ዕለት ናይትራይቱ ደማቅ ሐምራዊ፣ ማለትም ከፍተኛ፣ ነበር። ሳቂታ በየማታው በእናቷ ስልክ እየደወለች ሁሉንም ነገረቻት። አሞኒያው ድራሹ ጠፍቷል አለቻት። በማግስቱ ናይትራይቱም ዕቃውን ጠቅልሎ ወጥቷል አለቻት። ጭምት ጉሮሮዋ ስለማያናግራት «እም» ብቻ እያለች፣ ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና ፈገግ ትል ነበር። መምህሩ ዓሦቹን ከቤታቸው ያመጡ ዕለት ሳቂታ በስልክ የነገረቻት ነገር ሁሉ አስቋት፣ ሳቁ ጉሮሮዋን አሳምሞት ነበር። መምህሩ ከእንቁላል ጀምሮ ያሳደጓቸው ናቸው። እንዳይበርዳቸው የያዛቸውን ላስቲክ በኮታቸው ሥር አቅፈው ነው የመጡት።

ጭምት የሞተሩን ክዳን አነሳች። ቡናማና የሚያንሸራትት ሆኖ የተወችው ስፖንጅ የተገዛ ዕለት የነበረውን ያህል ነጥቷል።

ሳቂታ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ስትገባ ስፖንጁ አሁንም በጭምት እጅ ላይ ነበር። መጀመሪያ ልታቅፋት እጆቿን ዘረጋች። ከዚያ ስፖንጁን አየች።

«ቆሽሾ ነበር እኮ፣ ጭምቴ» አለች። «ቲቸር ዓሦቹን ይዞ ሲመጣ እንደዚያ ጠቁሮ ቢያየው ምን ይለናል? በቧንቧ ውሃ አሸት አሸት አደረግኩት።»

«በሳሙና?»

«ምነው፣ ያን ያህልስ ደደብ አይደለሁም።»

የቧንቧው ውሃ ክሎሪን እንዳለው፣ ክሎሪኑ ደግሞ ባክቴሪያዎቹን እንደሚፈጅ አብረው ተምረዋል። ጭምት አላስታወሰቻትም። በደብተሩ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ ለክታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ሳቂታ የቦርሳዋን ማንገቻ ማጥበቅና ማላላት ያዘች። የመጀመሪያውን ቀን ረስታው ወደ ቤት ገባች። በሁለተኛው ቀን ያለፈውን ባዶ መተው አሳፈራትና ዜሮ ሞላችበት። አንዴ ዜሮ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ዕውነተኛውን መለካት ራሱ አስፈራት። ወንዶቹ ሲያሾፉ መስማትም ሰልችቷት ነበር። ዓሦቹ ቢገቡ ሁሉም ያርፋል።

«በኔ ፊርማስ ለምን?» አለች ጭምት።

ሳቂታ መልሱ እንደማይጎዳ ነገር ቶሎ መለሰችላት። «የኔን ቢያይ ራሱ ይለካው ነበራ። ያንቺን እጅ ጽሕፈት ካየ ምንም አይጠይቅም።»

ጭምት ስፖንጁን ወደ ቦታው መለሰች። እጇ እርጥብ መሆኑን ያወቀችው ቀሚሷን ስትነካ ነው። ሳቂታን ዜሮ ላይ መስመር ማስመር ያስተማረቻት ራሷ ጭምት ናት። ፊርማዋንም፣ አሰልቺ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ሳቂታ ካንድም አሥር ጊዜ እያስመሰለች ስትጽፍ አብራት ስቃለች። ያን ጊዜ ጨዋታ ነበር። 

«አታካብጂ እሺ?» አለች ሳቂታ ቀረብ ብላ። «ማታ መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ቆሞ ነበር እንበለው። በቃ። ሁለታችንም ካልን ያምናል። በናትሽ።»

ይህን እያለች መምህሩ ገቡ። ጭምትን ሲያዩ ስለ ጤናዋ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዓይናቸው ገንዳው ላይ አረፈ።  እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የሞተውን ዓሣ በመረብ አወጡና በወረቀት ላይ አስተኙት። በጣቶቻቸው ጫፍ ክንፉን ዘረጋ አድርገው አዩት።

«መብራት ጠፍቶ ነበር መሰለኝ፣ ቲቸር» አለች ሳቂታ። «ስንገባ ሞተሩ ቆሞ ነው ያገኘነው።»

«ያገኘነው» የሚለው ቃል ጭምት ጆሮ ውስጥ ቆየ። መምህሩ ዞር ብለው እሷን ነበር ያዩት። የሚጠብቁት የእሷን ቃል ነው። እሺ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ግማሿን አታጣም፤ ነገ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን አትቆምም። ዓሦቹ ግን ዕውነተኛ ምክንያቱ ካልታወቀ እስከ ነገ ማታ አይቆዩም።

«መብራት አልጠፋም» አለች። ድምፅዋ ገና ከሕመሙ አልዳነም፤ ሻካራ ነበር። «ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ታጥቧል። አሞኒያው የመጨረሻው አረንጓዴ ላይ ነው። እነዚህን አራት ቀናት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ቤት ነበርኩ።»

ማን እንደጻፈው አልተናገረችም። መምህሩም አልጠየቁም። ሳቂታን አዩ፤ ሳቂታ ወለሉን አየች። እኔ ነኝ ማለት ትችል ነበር፤ አልተናገረችም።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ መምህሩ በመጨረሻ። «ደብተር አንብቤ አመጣኋቸው እንጂ ውሃውን አልለካሁም።»

ከመሳቢያቸው የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ አወጡ። ወዲያውም የገንዳውን ግማሽ ውሃ ቀየሩት። ከዚህ በኋላ ባክቴሪያዎቹ እንደገና ቤት እስኪሠሩ፣ ምናልባት አንድ ወር፣ በየማለዳው ከክፍል በፊት ውሃ መቀየር ያስፈልጋል አሉ። ጭምት እኔ አደርገዋለሁ አለች። ሳቂታ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ክፍሉን አዳረሰ። የተወራው ግን ሌላ ነው፤ ጭምት ጓደኛዋን ለመምህሩ አሳብቃለች የሚል። ከኋላ ወንበር አንዱ «ዘበኛዋ ፖሊስ ሆነች» አለ፤ ሳቅ ሆነ። በሳቁ መሃል ጭምት የምታውቀው አንድ ሳቅ ነበረበት። ከሌላው ሁሉ ያንን ለይታ ሰማችው። ጥያቄ የምትጽፍ መስላ ጎንበስ አለች። ጸጥ ያለች ልጅ ስታለቅስ ማንም አያይባትም፤ ይህን ያህል ጥቅም አለው።

በማግስቱ አንድ ተጨማሪ ዓሣ ሞተ። በሁለተኛው ማለዳ አልሞተም። የተቀሩት አራቱ ከአናቱ ወረድ ብለው ከተክሉ ጎን መቆም ጀምረዋል። ጭምት ከቧንቧው እስከ ክፍሉ ባልዲ ስታመላልስ ክንዷ ይንቀጠቀጣል፤ ስታስነጥስ ደግሞ ውሃው ጫማዋ ላይ ይፈሳል።

በሦስተኛው ማለዳ ሳቂታን በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ፀጉሯን አልተሠራችም። ትናንት ማታ መምህሩ ጋ ሄዳ የጻፈችው እሷ መሆኗን እንደነገረቻቸው፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ክፍሉ ውስጥ ስላወራችው ግን ምንም አላለችም። ጭምት ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ባልዲ መሸከም እችላለሁ» አለች ሳቂታ።

ጭምት ከሁለቱ አንዱን ባልዲ አቀበለቻት። አብረው ተመላለሱ። አንድ ጊዜ ሳቂታ የሆነ ቀልድ ጀመረችና ራሷ ተወችው። ውሃው ሞልቶ፣ ጠብታው ተጨምሮ ሲያልቅ ጭምት ቱቦውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ሳቂታ እንደ ድሮው ደብተሩን ገልጣ እስክሪብቶውን አነሳች።

«ስንት ልበል?»

«እሱን ለኔ ተይው» አለች ጭምት እጇን ዘርግታ።

ሳቂታ እስክሪብቶውን ለጥቂት ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ሰጠቻት። ጭምት ቀለሙን ከካርዱ ጋር ሁለት ጊዜ አስተያየች፤ አረንጓዴው ሳስቷል፣ ግን አልጠፋም። ያየችውን ጻፈች። ደብተሩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ነገስ ልምጣ?» አለች ሳቂታ፤ ባዶውን ባልዲ እንደያዘች።

ጭምት ሻርፗን አስተካከለች፤ የክፍሉን መብራት አጠፋች።

«በሩን የምከፍተው አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለች፤ ቀድማትም ወጣች።