የመስኮቱ ወንበር

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ፣ ዝናቡ አባርቶ ብርሃኑ በጠራበት ሰሞን፣ የንጉሡን ዘበኞች ልብስ ለሦስት ትውልድ በእጅ ሲሰፋ ወደ ኖረው አንጋፋ ቤት አንዲት የስፌት መኪና በጋሪ ተጭና ገባች፤ ከገበያው ማዶ የተከፈተው ሱቅ በእንዲህ ያለች መኪና ደንበኛውን ሁሉ እየነጠቀ ነበርና፣ የሰፊዎቹ አለቃ ወደዱም ጠሉም ሊሞክሯት ግድ ሆነ።

በዚያ ቤት ሰፊ የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው፤ እጀ ወርቅ የተባለው ብርሃን ካለበት ከመስኮቱ ሥር፣ ጀማሪው ከበሩ አጠገብ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣም ቀድሞ የሚነካው ባለ መስኮቱ ነው። ስለዚህ መኪናይቱን የሞከሯት ራሳቸው አለቃው ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን በጣታቸው የገሩትን ጨርቅ በእግርዎ ይንዱት ቢባሉ፣ እጅጌውን ከኪሱ ጋር ሰፍተውት ቁጭ አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቁን ዋጠ።

«ይቺ ማበላሻ እንጂ መስፊያ አይደለችም» አሉና ወደ ዕቃ ቤት አስወጧት።

የእህታቸው ልጅ ግን ሳቅም አልመጣላት። እሷም በደኅናው ቀን ከመስኮቱ ሥር ነበረች፤ ከታመመች ወዲህ ቀኝ እጇ መርፌ አልጨብጥ ብሏት ወደ በሩ ወርዳለች፤ መርፌ የማይዝ ደግሞ በዚያ ቤት አይከርምም።

«ጋሼ፣ ካልፈለጓት ለእኔ ይስጡኝ» አለች።

«በየትኛው እጅሽ፣ ልጄ?»

«በእግሬ ነዋ። ግራ እጄ ጨርቁን ይመራል፤ ክሩን እርስዎ ያጎርሷታል።»

አለቃው ከት ብለው ሳቁ፤ ክሩን ግን አስገቡላት።

ሳምንታት አልፈው የመጀመሪያውን ካፖርት ስታቀርብላቸው፣ እንደ ልማዳቸው ስፌቱን በሁለት እጃቸው ወጠሩት፤ አልላላም። ደግመው ወጠሩት። ከዚያ የገዛ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሥር አነሡ።

«መኪናሽን አምጪና እዚህ ተቀመጪ» አሉ። «እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ የካፖርቱን ቁልፍ በእጄ እተክላለሁ። ቤቴን አቆምሽልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ።»

«እኔንም እርስዎ ነዎት ያቆሙኝ፣ ጋሼ» አለች፤ እንባዋን በግራ እጇ እየጠረገች።

ረጅሙን ስፌት መኪናይቱ፣ የቁልፉን ቀዳዳ እጅ እየሠራው ቤቱ ጸና፤ የኮበለለውም ደንበኛ ተመለሰ። የዘመኑ ጸሐፊዎች ቤቱን ያዳነው የአለቃው አርቆ አሳቢነት ነው ብለው ጻፉ፤ የእህታቸውን ልጅ ማንም አላነሣትም። አለቃው ግን በሕይወት ሳሉ፣ ስለ ብልሃታቸው ላመሰገናቸው ሁሉ ወደ መስኮቱ እያመለከቱ፣ «እኔማ ከብርሃኑ ፈቀቅ ነው ያልኩላት» ይሉ ነበር።