ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ

«ቆይ፣ አትነቃነቅ!» አለች ኔዳ።

ሚንቾ ግን አርፎ የሚቆም ልጅ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። በግቢው ቧንቧ ሥር አቁማ ጉንጩን በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥብለት፣ እሱ ጭቃውን በጫማው እየመታ ይነፋረቃል። ደሙ ብዙ አልነበረም። ከዓይኑ ሥር ተነሥቶ እስከ አፉ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ጭረት ነው። ከላይ በኩል ግን አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፤ ጥርስ የገባባት። ትንሽ ከፍ ብትል ኖሮ ዓይኑ ላይ ነበረች።

ኔዳ ይህን ስታስብ ጉንጩን እንደገና አጠበችው።

የሆነው ሁሉ የሆነው በቅጽበተ ዓይን ነው። እሷ ልብስ እያሰጣች ነበር። ውሻቸው ሙርጆ የዋልነቱ ዛፍ ሥር እንደ ልማዱ ተጋድሟል። ሚንቾ የበላውን ዳቦ ፍርፋሪ ከደረቱ እያራገፈ ሄዶ አጠገቡ ቁጭ አለና፣ ማታ ማታ ትራሱን እንደሚያቅፈው የውሻውን አንገት አቀፈው። ሙርጆ ፊቱን አዞረ። ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ መላ ሰውነቱ ደረቅ እንጨት ሆነ። ኔዳ ይህን አይታለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቀችም። ቀጥሎ ያ ትልቅ ራስ ወደ ሚንቾ ዞሮ ተመለሰ። ድምፅ የሚባል ነገር አልተሰማም። የተሰማው የሚንቾ ጩኸት ነው።

አያቷ ዶብሪ ጩኸቱን ሰምተው ከጓሮ እያነከሱ መጡ። የሕፃኑን አገጭ ቀና አድርገው ጉንጩን አዩ። ቀጥለው ውሻውን አዩ። ሙርጆ ጆሮውን ጥሎ መሬት መሬት ያያል።

«ሲጫወት ነው» አሉ።

«አባባ፣ ነክሶታል እኮ!»

«ሙርጆ ቢነክስ ኖሮ ልጁ ፊት አይተርፈውም ነበር። ተኩላ ያነቀ ውሻ ነው። ይሄ 'ተው' ማለቱ ነው።» ዝቅ ብለው ኔዳ ጆሮ አጠገብ ሆኑ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እናትሽ ስትመጣ የአጥሩ ሽቦ ቧጨረው በያት።»

ኔዳ ሚንቾን ወደ ራሷ ሳበችው።

«የቬልኮን ውሻ ረሳሽው? ፖስተኛውን በነከሰ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ በጥይት ደፉት። እናትሽ ከሰማች ሙርጆም አለቀለት። ለእኔ ስትዪ።»

ኔዳ ይህን እንዴት እምቢ ትላለች? የመንደሩ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት፣ ተራራው በጉም በተዋጠበት ቀን፣ ተኩሎች በረቱ ድረስ መጥተው ነበር። አያቷ በጎቹን ሊያስገቡ ሲሮጡ ወደቁ። ሙርጆ በእሳቸውና በተኩሎቹ መሃል ቆመ። ጠዋት ላይ እሳቸው በሕይወት ነበሩ፤ የሙርጆ ዳሌ ግን ተበልቶ ነበር። «ዕድሜዬን በዳሌው ነው የገዛልኝ» ይላሉ ሽማግሌው ሁልጊዜ። ከዚያ በኋላ ከበግ ጋር ተራራ ለተራራ መዞር ስላልቻለ ወደ ግቢ አወረዱት። ቡችላ ሆኖ ዓይኑን የገለጠው በጎች መሃል ነው፣ ያደገውም ከበጎች ጋር ነው። በግ ደግሞ አንገት ላይ አትጠመጠምም።

«እሺ» አለች ኔዳ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላችው።

ማምሻውን እናቷ ዝላታ ከታችኛው ከተማ፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው፣ በአውቶቡስ መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሚንቾን አየችው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሽቦ» አለች ኔዳ። «የአጥሩ ሽቦ ቧጨረው። አጥቤዋለሁ።»

አያቷ የቦሎቄ ሾርባቸውን በማንኪያ ያማስላሉ። ቀና አላሉም።

«ዓይኑን ቢያገኘውስ ኖሮ!» እናቷ ሚንቾን አንሥታ ጉንጩን ሳመችው፤ ከዚያ የኔዳን ግንባር ሳመች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? እዚያ መኪናው ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ልቤ የሚያርፈው አንቺ ስላለሽ ነው። አባባ፣ እባክዎ ያን አጥር ነገ ይዩልኝ።»

«አየዋለሁ» አሉ ሽማግሌው።

ሾርባው ለኔዳ እንጨት እንጨት አላት።

በማግስቱ ጠዋት አያቷ መዶሻና ሚስማር ይዘው ደህናውን አጥር ሲጠግኑ አረፈዱ። ምንም ያልሆነውን ሽቦ ፈትተው እንደገና ያስሩታል። ጎረቤት ቬልኮ በመንገድ ሲያልፍ «ዶብሪ፣ ሥራ ፈተህ ነው?» ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸው አልሳቁም። ውሸት አንዴ ከተጀመረ መዶሻም ይጠይቃል።

ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዋዜማ ነው፤ ትምህርት ቤት የለም። ኔዳ ከጓደኛዋ ከራይና ጋር ለበር የሚሰቀለውን ለምለም ቅጠል ለመቁረጥ ወደ ወንዙ ወረደች። ራይና ስትቆርጥም ስትወጣም ስትወርድም ወሬ አታቆምም። ኔዳ መልስ እንዳልሰጠቻት ያስተዋለችው ቅርጫቱ ሊሞላ ሲል ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? በሐሳብ ሰምጠሻል እኮ።»

ኔዳ ነገረቻት። ለማንም እንዳትናገር አስምላ ሁሉንም ነገረቻት።

ራይና የያዘችውን ቅርንጫፍ ጣለችው። «አቦ! እና ዝም ልትዪ ነው?»

«አባባ ለመኑኝ። ይገድሉታል አሉ።»

«እሱ እሺ። ግን አልገባኝም፤ ሲናደድ አላየሽም እንዴ? የኛ ድመት እንኳ ከመቧጨሯ በፊት 'ኽ' ትልሻለች። ፋራ ካልሆንሽ እጅሽን ትሰበስቢያለሽ።»

«ሙርጆ አያጉረመርምም።»

«የማያጉረመርም ውሻ አለ?»

«አባባ አስተውተውታል። ገና ቡችላ ሳለ...»

ኔዳ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። አያቷ የሱፍ ኮፍያቸውን አውልቀው ይጠቀልሉትና፣ ቡችላው በቤት ሰው ላይ ባጉረመረመ ቁጥር አፍንጫውን 'ጧ' ያደርጉታል። ያሳደጓቸውን ውሾች ሁሉ እንደዚህ ነው ያሳደጉት። ኋላ ኋላ መምታትም አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ኮፍያውን ጠቅልለው ከፍ ሲያደርጉት ውሻው ጸጥ ይላል። የመንደሩ እረኞች ይቀኑባቸው ነበር። «የዶብሪ ውሻ ለተኩላ እንጂ ለሰው ድምፅ የለውም» ይሉ ነበር።

«ስለዚህ ሊነክስ ሲል በምን ታውቂያለሽ?» አለች ራይና።

ኔዳ ቅርጫቱን አንሥታ መንገድ ጀመረች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሩጫ።

ግቢ ስትደርስ አያቷ ወፍራም ገመድ በዋልነቱ ቅርንጫፍ ላይ እየወረወሩ ነበር። በየዓመቱ ለበዓሉ እዚያው ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ ይሰቀላል፤ ልጅ አዋቂ ሳይባል ሁሉም ለጤናው ይወዛወዛል። ነገ አጎቷ ኮልዮ ከነመንታ ልጆቹ ይመጣል፤ ገና ድክ ድክ የሚሉ ናቸው። የሙርጆ ሰንሰለት የታሰረው ደግሞ እዚያው ግንድ ላይ ነው። ሚንቾ ከውሻው ትንሽ ራቅ ብሎ ቁጢጥ ብሏል፤ በእንጨት ጭራውን ሊነካ እጁን ዘርግቷል።

ሙርጆ ፊቱን አዞረ። ከንፈሩን ላሰ።

ኔዳ ቅርጫቷን ጥላ ሚንቾን ከኋላው አፈፍ አድርጋ አነሣችው።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አያቷ ገመዱን እንደያዙ።

«አባባ፣ ትናንት ሙርጆ ለምን አላጉረመረመም?»

«በቤት ሰው ላይ አያጉረመርምማ። አስተምሬዋለሁ።» ድምፃቸው ውስጥ የድሮው ኩራት ነበረ።

«ታዲያ ሲከፋው በምን ይናገር?»

ሽማግሌው ሙርጆን አዩት። ሙርጆም ቀና ብሎ አያቸው። ለረጅም ጊዜ አብረው የኖሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበር የሚመስሉት።

«ነገ ሰንሰለቱን አሳጥረዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ሰንሰለቱም ዥዋዥዌውም አንድ ዛፍ ላይ ናቸው። ደግሞ ነገ የበዓሉን በግ አጥንት ትሰጡታላችሁ። መንቶቹ አጥንት የያዘ ውሻ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አታካብጂው፣ ኔዳ። አንቺ ብቻ ዝም በይ። በዓሉ ይለፍና መላ እፈልጋለሁ።»

ገመዱን አሰሩት። ሁለት ሦስቴ ስበው ጥንካሬውን ፈተኑ። ኔዳ ሚንቾን ታቅፋ ወደ ቤት ገባች። በመስኮቱ ስታያቸው ሙርጆ አጠገብ ቁጭ ብለው ጆሮውን ያክኩለት ነበር። አሳዘኗት። በእውነት አሳዘኗት። ከልጅነቷ ጀምሮ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ተራራ ያወጧት እኚህ ሰው ናቸው፤ ጓደኛቸው ደግሞ ያ ውሻ ብቻ ነው። ነገ አንዱ መንታ ቢነከስስ? ወይ ሚንቾ፣ በዚህ ጊዜ ዓይኑ ላይ? አያቷን የሚያሳጣ አንድ ቃል አፏ ውስጥ አለ። ወንድሟን የሚያሳጣው ዝምታም እዚያው አፏ ውስጥ ነው።

ማምሻውን እናቷ የበዓሉን ዳቦ ልታቦካ እጅጌዋን ሰብስባ ሊጡ ላይ ቆመች። እንደ ወትሮው አልደከማትም፤ እያንጎራጎረች ነበር። አባታቸው ከስፔን፣ ከሚሠራበት ግንባታ ቦታ፣ ደውሎ እንኳን አደረሳችሁ ብሏል። ሚንቾ ጠረጴዛው ሥር በሊጥ ቁራጭ ይጫወታል። አያቷ ኮፍያቸውን አውልቀው ከፊታቸው አስቀምጠዋል።

«ነገ መጀመሪያ ዥዋዥዌው ላይ የሚወጣው ሚንቾ ነው» አለች እናቷ። «በሽቦ ለተቧጨረው ጉንጩ ጤና። ደጋግመን ነው የምናወዛውዘው፣ አይደል ኔዳዬ?»

ኔዳ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«እማዬ፣ ሽቦ አይደለም።»

የአያቷ እጅ ወደ ኮፍያው ሄደ። በቁጣ አልነበረም፤ እጃቸው በልማድ ያደረገው ነው። ኮፍያውን አነሡ፣ ጠቀለሉ፣ ትንሽ ከፍ አደረጉት። ኔዳ አየችው። ሙርጆ ቢሆን አሁን ጆሮውን ጥሎ ጸጥ ይል ነበር።

«ሙርጆ ነው» አለች። «ጉንጩን ነክሶታል። ምንም ድምፅ ሳያሰማ።»

እናቷ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ደርቃ ቀረች። ሽማግሌው የጠቀለሉትን ኮፍያ አዩት፤ ከየት እጃቸው እንደገባ ያላወቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ፈቱት፣ በመዳፋቸው አስተካክለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ዋሺ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ዝላታ። አትቆጪያት።»

እናቷ ሊጥ በሊጥ በሆነ እጇ ሚንቾን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አወጣችው። ጉንጩን ወደ መብራቱ አዙራ አየችው፤ አሁን ነጥቧን አየቻት። ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘችው።

«ጥይት ግን አይሁን» አሉ አያቷ። «እባክሽ። ለእረኛው ለሳልቾ አሁኑኑ እደውልለታለሁ። ነገ በጠዋት በመኪናው ወደ ላይኛው በረት ይውሰደው። እዚያ እሱና በጎቹ ብቻ ናቸው። ሕፃን የለም።»

«ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት» አለች እናቷ።

«ከመምጣታቸው በፊት።»

ሽማግሌው ስልካቸውን ለመፈለግ ተነሡ። በኔዳ በኩል ሲያልፉ አላዩዋትም። እጃቸው ግን ራሷ ላይ ለአፍታ አረፈና ተነሣ። የኔዳ እንባ የመጣው ያኔ ነው።

ዓይኗን ጠርጋ ወደ ግቢ ወጣች። ገና አልጨለመም። ገመዱን ከዋልነቱ ፈትታ ጓሮ ያለው የፕሪም ዛፍ ላይ ልትሰቅለው አስባ ነበር። ሙርጆ ከግንዱ ሥር የእራት ሳህኑን በሁለት እግሩ መሃል አድርጎ ተጋድሟል። ስትጠጋ ፊቱን አዞረ። ከንፈሩን ላሰ። እሷ ቆመች። ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው፤ ኮፍያ የያዘ ሰው በአካባቢው የለም። ከዚያ ከጉሮሮው ውስጥ አንድ የተረሳ ነገር የሚፈልግ ይመስል፣ ዝቅ ያለና የተቆራረጠ ድምፅ መጣ።

«እሺ» አለችው ኔዳ። «ሰማሁህ።»

ገመዱን ለነገ ትታው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።