በቀትር የሚጠፋው ሬዲዮ

እኔ የጋኔንና የቀትር ወሬ ሲወራ ጥግ ይዤ ዝም የምል፣ በሆዴ ግን የምስቅ ሰው ነኝ፣ «ቀትር መታው» የሚል ሰው ሳይ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንቀዋለሁ፤ ያ ንቀት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ከምታምኑ ብትስቁብኝ ይሻለኛል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለ የመንግሥት እህል መጋዘን ተላክሁ። መጋዘኑ ከፍኖተ ሰላም ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጸጥ ይላል፣ ማታ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይናገራል። ኃላፊው፣ ጓድ ይርጋ የሚባል ድምፁ ከአእምሮው የሚበልጥ ሰው፣ ሬዲዮውን ለዓመታት የያዙትን ጋሽ ፈንቴን «አሻጥር ሠርተዋል» ብሎ በጥበቃ ከበር ውጭ አስቀምጧቸዋል። የእኔ ሥራ አንድ ወረቀት መጻፍ ነበር፤ ጥፋቱ የዕቃው ነው ካልሁ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፣ የሰው እጅ አለበት ካልሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚነሳው መኪና ፍኖተ ሰላም ወርደው ይታሰራሉ።

ስደርስ ጋሽ ፈንቴ በስስ ሸሚዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አንች ልጅ፣ አትድከሚ፣ ቀትር ነው የሚመታው» አሉኝ። «ሦስት ጠብታ ጠበል፣ በስመ አብ ብዬ ጠብ ሳደርግለት ይነሳል። ጠርሙሱን ጓድ ወሰደብኝ እንጂ አሳይሽ ነበር።»

«ሬዲዮ ላይ ውሃ ያደርጋሉ?»

«ውሃስ አላደርግም። ጠበል ነው።»

ጥበቃው ሳቀ። እኔ ግን ተናደድሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሁት ለዚህ ነው ወይ አልሁ በልቤ፣ እንደምንም ድምፄን አውጥቼ አስረዳኋቸው፤ በቀትር ቆርቆሮው ጣሪያ ይግላል፣ ቦርዱ ላይ ካሉት ጥቋቁር ቺፖች አንዱ ሲሞቅ ሥራ ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ጠብታዎ ያቀዘቅዘው ነበር፣ ሌላ ተአምር የለም። ከቦርሳዬ የዕቃ ማቀዝቀዣ ስፕሬዬን አውጥቼ ጣቴ ላይ ትንሽ ነፋሁና ነጭ ውርጭ አሳየኋቸው።

«ይኸስ የማን ጠበል ነው?»

«የፋብሪካ።»

«ፋብሪካም ታቦት አለው በይኛ!»

ቦርሳዬን ይዤ ወደ ሬዲዮው ክፍል ገባሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የፍኖተ ሰላሙ ኦፕሬተር እየተናገረ ነበር፣ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ ለጋሽ ፈንቴ ንገሩልኝ፣ ሲመጡ...» አለና ሬዲዮው ጸጥ አለ። የደረቀ የውሃ ጠብታ ምልክት ያለበትን ክዳን ከፈትሁ፣ ቺፖቹን አንድ በአንድ ነፋሁባቸው፣ እየነፋሁም እየጠበቅሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱን ባንድ ላይ የነፋ ሰው የትኛው እንደታመመ አያውቅም። አራተኛው ላይ ውርጩ እንዳረፈ የሬዲዮው ሹሹታ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አረጋገጥሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት ብታዩ፣ መላው ቡሬ ተሰብስቦ ቢያየኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ቺፑን ለመንቀል ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። እንግዲህ እመኑኝ፣ ይህን ገመድ አስታውሱልኝ።

ጠብ።

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ወሩ የካቲት ነው፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል።

ጠብ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጠብ።

ቦርዱን ሳይ አራተኛው ቺፕ ላይ፣ እሱ ላይ ብቻ፣ ሦስት ክብ ነጭ ነጥቦች አሉ፣ ውርጭ። ስፕሬዩ ክዳኑን እንደከደንሁት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የጋሽ ፈንቴ ጠርሙስ ደግሞ «ማስረጃ» ተብሎ ጓድ ይርጋ ጠረጴዛ ላይ ታሽጎ ቆሟል። የስፕሬይ ውርጭ ወዲያው ነው የሚጠፋው፣ ይኸኛው አልጠፋም። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ቀስ ብሎ ተነፈሰ፣ የዚያው ኦፕሬተር ድምፅ የተቋረጠውን ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፦

«...ጋቢ ይያዙ፣ የሚተኙበት ክፍል ይበርዳል።»

ገመዱ ጭኔ ላይ ነበር።

ቺፑን እንዴት እንደነቀልሁና ሌላ እንደተካሁ አላውቅም፣ የነቀልሁትን ክብሪት ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። ወረቀቴን ግን በጥንቃቄ ጻፍሁ፣ እኔ ያላየሁትን አልጽፍም፣ ያየሁትንም አልተውም፤ «የሬዲዮው ክዳን ላይ የውሃ ጠብታ ምልክት ታይቷል፤ የብልሽቱ ምክንያት ግን በሙቀት የሚቆም አንድ ቺፕ ነው» ብዬ። የመጀመሪያዋን ሐረግ ያስገባኋት፣ ላስተባብል አልችልም፣ ከንቀት ነው፣ ሽማግሌው ትንሽ ይፈሩ ብዬ።

ጓድ ይርጋ በጣቱ እየተከተለ ያችን ሐረግ አነበበ።

«ውሃ! በቃ፣ ጓድ ኢንጂነር፣ በቃ!» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

«ቀጥሎ ያለውን...» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እሱ አስቀድሞ ወጥቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ፈንቴን መኪናው ላይ ሲያወጧቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቤታቸው እዚያው ማዶ ይታያል፣ ጋቢ ለማስመጣት ጊዜ ነበረ። ግን ምን ልበል? ባትሪ የሌለው ሬዲዮ ነገረኝ ልበል? የተማረች ሴት?

«በይ ደህና ሁኝ፣ ያ ጠበልሽ ጥሩ ነው» አሉኝ በዚያ ስስ ሸሚዝ ሆነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ሥራ ፍኖተ ሰላም ሄድሁና ያንን ኦፕሬተር አገኘሁት።

«ያን ቀን መልእክቴ ደረሰ ወይ? ጋቢ ይያዙ፣ የሚተኙበት ክፍል ይበርዳል ብዬ ነበር። መሐል ላይ ጠፋችሁብኝ።»

«እሳቸውስ ምን ሆኑ?»

«ብርድ መታቸው። ሰው አይለዩም።»

«አልደረሰም» አልሁት።

ቺፑ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። አሁን የምኖርበት አገር ደረቅ ነው፣ መሳቢያዬም ደረቅ ነው፣ ሌሎቹ ወረቀቶቼ ሁሉ ደህና ናቸው። የክብሪት ሣጥኑ ግን እየራሰ ይፈርሳል፣ ለአራተኛ ጊዜ ቀይሬዋለሁ።