በካርታው ላይ አንዲት ነጥብ

«በአሁኑ ጊዜ በሕንፃው ውስጥ የሚኖር ሰው አለ?»

ማርዋ ጥያቄውን ስታነብበው ይህ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ስልኳ ላይ ካለው ቅጽ ስምንቱን ጥያቄዎች ሞልታለች፤ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቀጥ ይላል። ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፦ አለ ወይም የለም። «አላውቅም» የሚል ቦታ አልሰጧትም።

ቀና አለች። ቤቱ ከፊቷ ቆሟል። የጅዳ አሮጌው ከተማ፣ በለድ፣ ብዙ ቤቶቹ በብረት መወጣጫ ተከበው እየታደሱ ናቸው፤ ይህች ጠባብ መንገድ ግን ተራዋ ገና አልደረሳትም። ባለ አራት ፎቁ ቤት ወደ ግራ ዘመም ከማለቱ የተነሣ የሩቅ ድምፅ ለመስማት አንገቱን ያዘነበለ ሽማግሌ ይመስላል። ድንጋዩ ከተራራ ሳይሆን ከባሕር የተቆረጠ ነው። ኖራው በተላጠበት በኩል ጠጋ ብለው ካዩት ኮከብ የመሰሉ ትንንሽ ቅርጾች፣ የማር እንጀራ የሚመስሉ ቀዳዳዎች፣ አልፎ አልፎም የዛጎል ስባሪ ይታያል። ማርዋ መዳፏን ለጠፈችበት። በዚያ ሁሉ ሙቀት መሐል ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር።

«ያ ማርዋ፣ ያላ!» አላት ረድዋን ከጀርባዋ። የክፍሏ ልጅ ነው፤ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሳምቡሳ ይበላል። «ግድግዳ ስታሻሺ ሰው ቢያይሽ መጅኑና፣ እብድ ነው የሚልሽ።»

«ዘጠነኛውን ምን ልበል?»

«የለም በያ፣ ኸላስ! ማን ይኖርበታል እዚህ? ድመት?»

«ድመት ልብስ አያሰጣም።» ወደ ሦስተኛው ፎቅ አመለከተች። እዚያ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ፣ ከላይ እስከ ታች በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈነ ትልቅ መስኮት አለ፤ የአገሩ ሰው ሮሻን ይለዋል። በፍርግርጉ ቀዳዳ የቀይ ሻሽ ጫፍ ታየ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

ነገሩ የተጀመረው በማኅበራዊ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። ቲቸር ፈሪድ «ዓለም ያላያቸው ሕንፃዎች» ስለሚባል የወጣቶች ውድድር ነገሯቸው። ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ሕንፃ ይመርጣሉ፤ ፎቶና ጽሑፍ ይልካሉ፤ ያሸነፈው ሕንፃ ባለሙያ ይላክለታል፤ ያሸነፉት ልጆች ደግሞ ኢስታንቡል ሄደው ሥራቸውን ያሳያሉ። አንዱ ቡድን የኢራንን የርግብ ግንቦች መረጠ። ሌላው ወደ መሬት ሆድ በደረጃ የሚወርዱትን የሕንድ ጉድጓዶች። ረድዋን የጅማውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፈልጎ ነበር፤ «በጉግል በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን» ብሎ። ማርዋ እንቢ አለች። በእጇ የምትነካው ቤት ፈለገች።

ለምን እንደሆነ ለረድዋን አልነገረችውም። በአሥር ዓመቷ አማርኛዋ እንዳይጠፋ ተብላ ደሴ አጎቷ ጋ ተላከች። ከአምስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ጅዳ ውስጥ የተወለደችበት ሰፈር አልነበረም። ፈርሷል። ሜዳ ሆኗል። አንድ ቀን ሄዳ የመኝታ ቤቷን ቦታ በእርምጃ ለካች፤ አገኘሁት ብላ ስትቆም ሌላ ቦታ መሰላት። የቤታቸውን ፎቶ ብትፈልግ የልደት ኬክና ከኬኩ ጀርባ ያለ ሮዝ ግድግዳ ብቻ አገኘች። አንዳንዴ ደሴ ውስጥ ለአምስት ዓመት ስትናፍቀው የኖረችው ቤት በእርግጥ ነበረ ወይ ብላ ትጠራጠራለች።

«ገብቼ ላጣራ» አለች።

«እኔ አልገባም። ሁለታችንም ላይ ቢደረመስ ፎቶውን ማን ይልካል?»

በሩን ገፋችው። ውስጡ ጨለማና የባሕር ሽታ ነበር። ደረጃው እየዞረ ይወጣል፤ በየግድግዳው ውስጥ እንደ መቀነት የተጋደሙ ረጃጅም አጣናዎች ይታያሉ። አንድ ፎቅ በወጣች ቁጥር የመንገዱ ጫጫታ አንድ ፎቅ ያህል ይርቃል። መርከብ ውስጥ ሆና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ የምትሰጥም መሰላት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሻምፖ ሽታ አገኛት።

«ማነሽ?»

ሃያ አራት ወይ ሃያ አምስት የሚሆናት ሴት በር ላይ ቆማለች። ቀይ ሻሽ አስራለች፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ድረስ በኖራ ነጥተዋል።

«ሐበሻ ነኝ» አለች ማርዋ።

«እሱንማ አየሁት። ማነሽ ነው ያልኩሽ።»

«ማርዋ። ተማሪ ነኝ። በሩ ክፍት ነበር።»

«ክፍት አልነበረም። ገፍተሽው ነው የተከፈተው።»

እውነት ነበር። ማርዋ አንገቷን ደፋች። ሴትየዋ ለጥቂት ጊዜ አየቻትና ፈገግ አለች። «ነይ በይ ግቢ። አራተኛውን ሳንቃ ግን እንዳትረግጪው፤ እሱ ተናዳፊ ነው።»

ስንቅነሽ ትባላለች። ከጎጃም የቤት ሠራተኛ ሆና መጥታ፣ ከከፊሏ፣ ከቀጣሪዋ፣ ቤት ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። በቀን ሥራ ቪላ ታጸዳለች፤ አብረዋት የሚኖሩት አራት ሴቶችም እንደዚያው። ዛሬ የሷ የዕረፍት ቀን ነው፤ በዕረፍት ቀኗ ቤቱን ትመርጋለች። አባቷ ግድግዳ መራጊ ነበር። ስንጥቁን በጣቷ እየተከተለች አሳየቻት፦ የቱ አሮጌ፣ የቱ የዘንድሮ፣ የቱ ጠዋት ጠዋት እንደሚሰፋ። በጣም ያሳሰባትን አጣና ከሰፊ ጣውላ በሠራችው ድጋፍ ይዛዋለች።

«ማን አዘዘሽ?» አለች ማርዋ።

«ማን ያዘኛል? ቤት እንደ ላም ነው። ካልዳሰስሽው ያኮርፍሻል።»

ሮሻኑ ውስጥ አስቀመጠቻት። ሁለት ሰው በደንብ የሚያስቀምጥ የእንጨት አልጋ መሳይ ነገር አለው። ከሥሩ የባሕር ነፋስ ይገባል፤ ብርሃኑ በፍርግርጉ ተወቅሮ ጉልበቷ ላይ ይወድቃል። ነፋሱ ሲበረታ ብርሃኑ ራሱ የሚወዛወዝ ይመስላል። ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ፤ ቤቱ የመለሰለት መሰላት። ታች ረድዋን የሳምቡሳውን ዘይት በሱሪው እየጠረገ ነበር። ቀና ብሎ ቀጥታ ወደ ዓይኗ አየ፤ በፍርግርጉ ግን አላያትም።

«ያ ልጅ ያንቺ ነው?» አለች ስንቅነሽ።

«የክፍሌ ልጅ ነው!»

«አትቆጪ፣ ጠየቅሁ እንጂ። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሰርግ ፎቶ ሲያነሣን ከረመ። ለምንድን ነው?»

ማርዋ ነገረቻት። ስለ ውድድሩ፣ ስለ ባለሙያዎቹ፣ ስለ እድሳቱ። ስትጀምር ድምፅዋ በደስታ ከፍ ብሎ ነበር፤ እየተናገረች ሳለ ግን ስንቅነሽ እጇን ከግድግዳው ላይ ስታነሣ አየቻት።

«ቦታውንም ትጽፊያለሽ?»

«ካርታው ላይ ነጥብ ይደረጋል።»

«ነጥብ።» ስንቅነሽ የደረቀውን ኖራ ከጣቶቿ ላይ ላጠች። «እዚያች ነጥብ ውስጥ አምስት ሰው አለን፣ የኔ እህት። መጀመሪያ ባለ ካሜራው ይመጣል። ቀጥሎ ባለ ሄልሜቱ። ቀጥሎ የጀዋዛት ፖሊስ ይመጣና ኢቃማ ይላል።»

ማርዋ ለአንድ አፍታ አሰበችና ፊቷ በራ። «መካ ሂዱ! ሩሰይፋ ሰፈር አክስቴ አለች። ከላይ ባዶ ክፍል አላት፣ ወላሂ ደስ ይላታል።»

ስንቅነሽ ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረበትም። ከአንገቷ ሥር ማተቧን አወጣች። «በዚች ነው ኬላውን የማልፈው?»

ማርዋ ፊቷ ነደደ። እሷ ራሷ በየወሩ የምታልፈው መንገድ፣ ሙስሊም ያልሆነ ሰው እንዳያልፍ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበት ሰሌዳ ያለበት መንገድ፣ ለሌላ ሰው ዝግ መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

«መች ነው የምትልኪው?»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ስንቅነሽ ወደ ጣውላው ድጋፍ አየች። «ባይጻፍም ደግሞ…» አለች። «ይሄ አጣና ከባድ ዝናብ አይችልም። እኔ መራጊ ነኝ እንጂ አናጢ አይደለሁም። የሚችል ሰው ቢያየው ጥሩ ነበር።» ከዚያ የማርዋን ስልክ ወስዳ ቁጥሯን ጻፈችላት፤ የማርዋንም ቁጥር ያዘች። «እኔም አብረውኝ ያሉትን ልጆች ላማክር። አንቺም አስቢበት።»

ብትለምናት ይቀል ነበር። አልለመነቻትም።

ዓርብ ዕለት ቤተሰቡ እንደ ልማዱ መካ ሄደ። አክስት ከሚሪያ የማርዋ አባት ታላቅ እህት ናቸው፤ አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው ስለቀሩ፣ መካ ተወልደው መካ ያረጁ ሴት ናቸው። ጉዳይ ስለነበራቸው አባቷ በመኪና ወደ ጀርወል ሰፈር ወሰዳቸው። ከሆቴሎቹ አንዱ ሥር ሲደርሱ አክስቷ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ያው እዚያ፣ ሊፍቱ የሚወጣበት ላይ ነበር የኛ ሮሻን» አሏት። «አባቴ ከዐስር ሶላት በኋላ እዚያ ተቀምጦ ቁርአን ይቀራ ነበር። ሰው ቆሞ ይሰማዋል፣ እሱ አይታይም።»

«ፎቶ አለሽ አክስቴ?»

«የምን ፎቶ፣ የኔ ሆድ! ቤት ይኖሩበታል እንጂ ፎቶ ያነሡታል?»

«ታዲያ ስለ እሱ የሚያውቀው ማነው?»

«አላህ ያውቀዋል። እኔ አውቀዋለሁ።» እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ወደ ሆቴሉ አመለከቱ። «እኛ ሳለንበት አንድ ድንጋይ አልወደቀም። ከወጣን በኋላ በሁለት ዝናብ ጎበጠ። ሰው የሌለበት ቤት ልቡ ይደክማል።»

ማርዋ ቀና ብላ አየች። የመስታወቱ ሊፍት ሰዎች ጭኖ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። በመሐል አንድ ቦታ፣ አየር ላይ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያነበበ እንደሆነ ለማሰብ ሞከረች። ትንሽ ያህል አየችው። ከዚያ ሊፍቱ በመሐሉ አለፈ።

ስልኳን በየሰዓቱ አየች። ስንቅነሽ አልጻፈችላትም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከረድዋን ጋር በለድ ገቡ። በሩ ሲገፋ ተከፈተ። ሦስተኛው ፎቅ ባዶ ነበር። ፍራሾቹ የሉም፣ የልብስ ገመዱ የለም። ወለሉ ተጠርጓል፤ ጥግ ላይ የተሰበረ የፀጉር ማበጠሪያ ብቻ ቀርቷል።

«መቼ ሄዱ?» አለ ረድዋን በሹክሹክታ። ከዚያ ሮሻኑን አየና ሁሉን ረሳ። ውስጡ ገብቶ ተቀመጠ፤ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ተበተነ። «ወላሂ ማርዋ… ይሄ እኮ ቤት አይደለም። ይሄ ሕልም ነው።» ካሜራውን አነሣ፤ ደጋግሞ አነሣ። ሲጨርስ ዓይኖቹ ያበሩ ነበር። «በቃ! ባዶ ነው። አሁን ‹የለም› ብትይ ውሸት አይደለም። ላኪው!»

ማርዋ የተሰበረውን ማበጠሪያ አነሣች። ማንም አላባረራቸውም። የሄዱት እሷ በሩን ስለገፋችው ነው። አንዴ የታየ ቦታ ለእነሱ ቦታ አይደለም፤ ቅጹን ብትልክም ባትልክም።

ከድጋፉ ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ሳፋ አገኘች። ጨርቁን ገለጥ አደረገች። የተቦካ ኖራ ነው፤ እንደ ቅቤ ለስላሳ። ጣቷን ነከረችው። የማይመለስ ሰው ኖራ በጨርቅ አይሸፍንም። ወይስ ሥራ የለመደ እጅ ሳያስበው ይሸፍናል? መለየት አልቻለችም።

«ከላክሁት ተመልሰው መምጣት አይችሉም» አለች።

«ሄደዋል እኮ!»

«ቢመለሱስ?»

«ካልላክሽው ደግሞ ይወድቃል። አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ አጣናው ዝናብ አይችልም ያልሽው?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«አላውቅም፣ ረድዋን።»

ከሮሻኑ ወርዶ ፊቷ ቆመ። ሲናገር ድምፁ እንደ ወትሮው የቀልድ አልነበረም። «አንቺ ደሴን አይተሻል። አውሮፕላን ተሳፍረሻል። እኔ ከጅዳና ከመካ ሌላ የማውቀው የለም። ኢስታንቡል ለኔ… ተይው። ፎቶዎቹ የኔ ናቸው።»

«ያንተ ናቸው። ቅጹ ግን በኔ ስም ነው።»

«ስለዚህ ብቻሽን ወሰንሽ።»

ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ይቅርታ ብላው ሐሳቧን እንደማትለውጥ ስታውቅ ተወችው። እሱ ወደ ደረጃው ሄደ። ሲወጣ እንኳ አራተኛውን ሳንቃ እንዳይረግጥ ጮኻ አስጠነቀቀችው፤ ዘለለው። ከሮሻኑ ሆና በመንገዱ ሲርቅ አየችው። አንዴም ዞር አላለም።

ብቻዋን ቀረች። ነፋሱ ገባ፣ ወጣ። ቤቱ እንደተኛ ሰው በቀስታ ይተነፍሳል። ስልኳ ላይ ያለው ሰዓት ወደ አሥር ተጠጋ፣ አሥር ሞላ፣ አለፈ። ቅጹ ግራጫ ሆኖ ተዘጋ።

ከውኃ ጠርሙሷ የቀረውን ጨርቁ ላይ አፈሰሰችና ሳፋውን ሸፈነችው። ከዚያ ጻፈች። አጠፋች። እንደገና ጻፈች።

«ስንቅነሽ፣ ማርዋ ነኝ፣ የማክሰኞዋ። አልላክሁትም። በሩን በመግፋቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። ብትመለሱ፣ ልምረግ አብሬሽ።»

ላከችው። ከጽሑፉ ሥር አንዲት ግራጫ ምልክት ወጣች፤ መልእክቱ መድረሱን የምትነግረው ሁለተኛዋ እስክትጨመር ጠበቀች። መንገዱ ላይ መብራት እስኪበራ ድረስ ጠበቀች። በማግስቱም፣ ዝናቡ በመጣበት ሳምንትም፣ ከዚያም በኋላ ስልኳን በከፈተች ቁጥር መልእክቱ ያችኑ አንዲት ምልክት እንደያዘ ነበር።